በሌሊት የሚመጣ ጠላት፦ የተምችና የእሳት እራቱ ታሪክ በኢትዮጵያ

(በአዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገረው ስሙ በአገራችን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለሚጠራ፣ ራሱ ግን እምብዛም ስለማይታወቅ አንድ ፍጡር ነው። ስሙ ተምች ይባላል። በዜና መዋዕል፣ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በገበሬው እሮሮና በግብርና ባለ ሥልጣናት መግለጫ ውስጥ ተምች አለ። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ የምናገኘው ትሉን ብቻ ነው። ትሉን የወለደችው፣ ክንፍ ያላት፣ በሌሊት የምትበርረው የእሳት እራት በታሪካችን ውስጥ ስፍራ አላገኘችም። የንግግሬ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ እናቲቱን ስላላየናት የልጇን ታሪክ በትክክል አላነበብነውም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያለንበት ኮልፌ ቀራንዮ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ከአየር ጤና ተነሥቶ በካራ ቆሬ በኩል የሚወጣው የጅማ መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን አልፎ ወደ በቾ የጤፍ ሜዳ ያደርሳል። ዝናብ በጣለበት በግንቦትና በሰኔ ምሽት በየመንገዱ መብራት ሥር የሚሽከረከሩትን የእሳት እራቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በማግሥቱ ከየበራፋችን ጠርገን እንጥላቸዋለን። ከእነርሱ መካከል የተምች እናት ብትኖር የሚለያት ሰው ጥቂት ነው። የከተማው ሰው ክንፏን ያያል፣ ገበሬው ትሉን ያያል፤ ሁለቱ የአንድ ሕይወት ክፍሎች መሆናቸውን ግን ለብዙ ዘመን አንዳቸው ለሌላው አልነገሩም።

ሦስት ስሞች

አማርኛ ለዚህ የነፍሳት ክፍል ሦስት የታወቁ ስሞች አሉት። አንደኛው ብል ነው፤ ልብስ የሚበላው። ሁለተኛው የእሳት እራት ነው፤ ራሱን ለነበልባል የሚሰጠው። ሦስተኛው ተምች ነው፤ ሰብል የሚያወድመው። ብል በሚያደርሰው ጉዳት፣ የእሳት እራት በአሟሟቱ፣ ተምች በሆዱ ይታወቃል። ትሉንና በራሪዋን በአንድነት የሚይዝ ስም ግን በመካከላቸው የለም።

ለአንበጣ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ክንፍ ያላወጣውን ኩብኩባ እንለዋለን፤ ኩብኩባው አድጎ አንበጣ እንደሚሆንም ገበሬው ያውቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኩብኩባ መልኩ ወላጁን ይመስላል፣ እድገቱም በቀን፣ በዓይን ፊት ይፈጸማል። ተምች ግን ጠግቦ አፈር ውስጥ ይሰወራል፤ በሌላ መልክ፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ስም ይወጣል። ስለዚህ የአማርኛው ክፍተት የሕዝቡ ያለማስተዋል ምልክት ሊሆን አይችልም። ቋንቋ የሚሰይመው የታየውን ነው፤ ይህ ለውጥ ደግሞ የሚፈጸመው ከዓይን ተሰውሮ ነው።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ኢዩኤል የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ በተከታታይ ተዘርዝረው አንዱ ያስተረፈውን ሌላው እንደ በላ እናነባለን። የዕብራይስጡ ቃላት የአንበጣን ዓይነቶች ወይም የእድገት ደረጃዎች ያመለክታሉ የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። የአማርኛው ተርጓሚዎች ግን ለመጀመሪያው ቃል ተምችን መረጡ፤ አንባቢያቸው ተምችን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ እርግጠኞች ነበሩ ማለት ነው። ይህ የአነጋገር ሥርዓት፣ መዓትን በመዓት ላይ የሚደረድረው ዝርዝር፣ በታሪክ አጻጻፋችንም ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ዝርዝር ደግሞ አንድ ጉድለት አለበት፤ ምን ከምን እንደ ተከተለ ይነግረናል እንጂ ምን ምንን እንዳመጣ አይነግረንም።

ትሉ ከየት ይመጣል?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ፍጡሩ ጥቂት እንበል። የአፍሪካ ተምች ሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ኤክሴምፕታ ነው። ስፖዶፕቴራ የወገኑ ስም ሲሆን፣ በዚሁ ወገን ውስጥ ጥጥን፣ አትክልትንና በቆሎን የሚያጠቁ ሌሎች ዝርያዎችም ይገኛሉ። እናቲቱ ክንፏ ሲዘረጋ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን፣ ግራጫማ ቡናማ፣ ዓይን የማትስብ በራሪ ናት። ዕድሜዋ ከሁለት ሳምንት እምብዛም አይዘልቅም። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን በሣርና በአዝርዕት ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ከሰውነቷ በሚረግፍ ፀጉርም ትሸፍናቸዋለች።

እንቁላሉ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ትሉ ስድስት የእድገት ደረጃዎችን በሁለትና በሦስት ሳምንት ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ትንሽና አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ አይለይም። ብዛቱ ሲጠና ግን ይጠቁራል፣ በአንድ አቅጣጫ መጓዝ ይጀምራል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሆኖ ይገኛል። በሕይወቱ ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። ከዚያም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር ገብቶ በፑፓነት ይተኛል፤ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ ክንፍ አውጥቶ በሌሊት ይወጣል።

እንግዲህ የገበሬውን ሁኔታ እናስብ። ማሳውን ትናንት አረንጓዴ ሆኖ ትቶታል፤ ዛሬ ጠዋት ጥቁር ትል ሸፍኖታል። እንቁላሉን የጣለችው እናት ሞታለች ወይም ርቃ ሄዳለች። ትሉ ከምድር ፈለቀ ወይም ከዝናቡ ጋር ወረደ ብሎ ቢያስብ የሚታየው ማስረጃ ሁሉ ይደግፈዋል። በተለይ «ከዝናቡ ጋር መጣ» የሚለው አባባል፣ ኋላ እንደምናየው፣ ከእውነቱ እጅግ የቀረበ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ትል የሚበላው የሣር ወገን የሆኑትን ነው፤ ጤፍን፣ ገብስን፣ ስንዴን፣ በቆሎን፣ ማሽላን፣ ዳጉሳንና የግጦሽ ሣርን። ባቄላና አተር ከአጠገቡ ቆመው ሊድኑ ይችላሉ። ይህች ነጥብ ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ መሣሪያ ስለሆነች ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ክፉ ቀን፦ ዝርዝር ወይስ ሰንሰለት?

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ታላቅ ረኃብ በሕዝባችን ትውስታ ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል የዘመኑን መከራ መዝግበዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባሳተሙት ጥናት የአገር ውስጥ ጽሑፎችንና የውጭ ተጓዦችን ምስክርነት አሰባስበዋል። ከእነዚህ የምንረዳው ሥዕል በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1887 በምፅዋ በኩል ገባ፣ በሬው አለቀ፤ ዝናቡ አጠረ፤ አንበጣና ተምች መጣ፤ ረኃቡን ተላላፊ በሽታ ተከተለው።

በብዙዎቹ የታሪክ መጻሕፍት ተምች በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቃል ነው፤ ከአንበጣ ጋር በ«ና» ተያይዞ ያልፋል። የነፍሳቱን ጠባይ ስናውቅ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ዛሬ በሚገባ እንደሚታወቀው፣ የተምች ወረርሽኝ የሚከፋው ድርቅን ተከትሎ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ነው። በድርቁ ጊዜ ትሉን የሚበሉና የሚያሳምሙት የተፈጥሮ ጠላቶቹ ይመናመናሉ። ዝናቡ ሲመጣ ለምለም ሣርና ቡቃያ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ የዝናቡ ነፋስ ደግሞ በሰፊው ተበትነው የነበሩትን እናቶች ወደ አንድ ስፍራ ይሰበስባል። ስለዚህ ድርቁና ተምቹ በአጋጣሚ የተገጣጠሙ ሁለት መዓቶች ተደርገው ሊታዩ አይገባም፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው መንገድ ጠራጊ ነው።

ሁለተኛውን ቀለበት እንመልከት። በሬ ያጣ ገበሬ በዶማ ቆፍሮ የሚዘራው ከቀድሞው ጥቂት ነው። በደህናው ዘመን ተምች ሰፊ ማሳ ላይ ቢወርድ ከፊሉ ይተርፋል፤ እንደገና ለመዝራትም በሬና ዘር አለ። በክፉ ቀን ግን ትሉ ያገኘው በሰው ጉልበት የተቆፈረች ጠባብ ማሳ ነው። እርሷ ከጠፋች ደግሞ የሚዘራ የለም፣ የሚያርስም የለም። ይህ ድምዳሜ ከአንድ ሰነድ በቀጥታ የተቀዳ አይደለም፤ የነፍሳቱን ጠባይ ከዘመኑ የእርሻ ሁኔታ ጋር በማጣመር የሚደረስበት ነው። ሆኖም የረኃቡን ጽናት ለመረዳት ከዝርዝሩ ይልቅ ሰንሰለቱ የበለጠ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥንት ጽሑፍ ውስጥ «ትል» ወይም «ተምች» የተባለው ሁሉ የዛሬው ስፖዶፕቴራ ኤክሴምፕታ ነው ማለት አንችልም። በወሎና በአካባቢው ጤፍ የሚያጠቃው ደገዛ የተባለው ፌንጣ መሰል ተባይ፣ ሌሎችም ግንድና ፍሬ የሚቦረቡሩ ትሎች አሉ። ስለዚህ ተመራማሪው ሰነዱን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቀው። አንደኛ፣ ምን በላ? የጤፍና የገብስ ማሳ ወድሞ ባቄላና አተር ከዳነ፣ ጥርጣሬው ወደ ተምች ያጋድላል። ሁለተኛ፣ መቼ መጣ? ተምች ዝናብ በሚጀምርበት ወራት፣ በቡቃያ ላይ ይወርዳል፤ እህል ካፈራ በኋላ የመጣው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ እንዴት ሄደ? በሰልፍ ተጉዞ በድንገት የጠፋ ከሆነ፣ ወደ አፈር መግባቱ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ዜና መዋዕሉን፣ የገዳማቱን መዛግብትና የተጓዦችን ማስታወሻ እንደገና ማንበብ ለእናንተ ለወጣት ተመራማሪዎች የተተወ ሥራ ነው።

ሁለቱን ግማሾች ያገናኙ ሰዎች

የሚደንቀው ነገር፣ ከክፉ ቀን በፊት የተምች እናት ሳይንሳዊ ስም ነበራት። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1856 ገልጿት ነበር። ወገኑንም ስፖዶፕቴራ ብሎ የሰየመው ፈረንሳዊው አሺል ጌኔ እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። እኛም አገር በዚያው ምዕተ ዓመት የውጭ ሰብሳቢዎች ይመላለሱ ነበር፤ ጣልያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1882 እስከ ሞተበት ድረስ አራዊትና አእዋፍ፣ ነፍሳትም ጭምር እየሰበሰበ ወደ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ደግሞ እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት ከዚህ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ እስከ ጀምጀም ደን ተጉዞ ነፍሳትን ሰብስቧል። ነገር ግን በመርፌ ተወግታ በሳጥን የተቀመጠች በራሪ ስለ ማሳው የምትናገረው ጥቂት ነው። ስም መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ታሪክን ማገናኘት ሌላ ነው።

ማገናኘቱ የተጀመረው ከአንበጣ ጥናት በተገኘ ብርሃን ነው። ቦሪስ ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው፣ ለየብቻው የሚኖረውና በመንጋ የሚዘምተው አንበጣ ሁለት ፍጡር መስሎ ቢታይም አንድ ዝርያ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ጄ. ሲ. ፎር እ.ኤ.አ. በ1943 ይህንኑ ለተምች አሳየ፦ በሣር ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው አረንጓዴ ትልና በሰልፍ የሚጓዘው ጥቁር ትል አንድ ናቸው፤ የሚለየው መጨናነቁ ነው። እንግዲያውስ ወረርሽኝ በሌለበት ዓመት ተምች አልጠፋም፤ ቀለሙን ቀይሮ በመካከላችን ይኖራል ማለት ነው።

የቀረው ጥያቄ መንገዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የመብራት ወጥመዶች በየስፍራው ተተክለው በየሌሊቱ የሚገቡት በራሪዎች ይቆጠሩ ጀመር። ብራውን፣ ቤትስና ሬይኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት የወረርሽኙን ወቅታዊ ጉዞ አሳዩ፦ በታንዛኒያና በኬንያ ይጀምራል፤ ዝናብ አምጪው የነፋሳት መገናኛ መስመር ወደ ሰሜን ሲገፋ፣ ተምቹም በደቡብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባል፣ እስከ ቀይ ባሕር ማዶም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በኬንያ በራዳር በተደረገ ጥናት፣ እናቶቹ በመሸ ጊዜ ከፍ ብለው በነፋስ ሲነጉዱ ታዩ፤ ምልክት የተደረገባቸውም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ተያዙ። ነፋሳት በሚገናኙበት፣ ዝናብ በሚወርድበት ስፍራ ይከማቻሉ፤ እዚያው ይወርዳሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ። «ከዝናቡ ጋር መጣ» ያለው ገበሬ፣ በራሪዋን ሳያያት፣ መንገዷን በትክክል ተናግሮ ነበር።

አንበጣ ያጠላበት

ይህ ዕውቀት ወደ መንግሥታዊ ሥራ የተሸጋገረው በአንበጣ ጥላ ሥር ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የወረደው አንበጣ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ይነገራል፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ የዓመት ቀለብ የሚበቃ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትን ያቋቋመው ስምምነት እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ተምች፣ ግሪሳ ወፍና የቆላ ዝንብ በኋላ ወደ ድርጅቱ ኃላፊነት ተጨመሩ።

የድርጅቱ ስም ራሱ ቅደም ተከተሉን ያሳያል። አንበጣ ፀሐይን ሲጋርድ ከተማ ያየዋል፣ ባለ ሥልጣን ያየዋል፣ ጋዜጣ ይጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እና 2020 ይህን ሁላችንም መስክረናል። ተምች ግን ሰማይን አያጠቁርም። የሚመጣው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው፤ ሲታወቅም ማሳው ላይ ነው። በሰነድ የተመዘገበው የአንበጣ ታሪክ ከተምች ታሪክ የሰፋው በጉዳቱ ልክ ብቻ ነው ብለን ማመን የለብንም፤ በታይታውም ልክ ነው።

የተምችን ሌሊት በጥቂቱ የገለጠው ወጥመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ጠረን፣ ፌሮሞን የሚባለው፣ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ርካሽ ወጥመድ ማዘጋጀት ተቻለ። በዚህ ወጥመድ ውስጥ የሚገቡት ወንዶች ቁጥር በድንገት ከጨመረና ዝናብ ከጣለ፣ ትሉ ጉዳት እስኪያደርስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ፋታ አለ። በታንዛኒያ የኪሎሳ ወረዳ የተሞከረው፣ ገበሬዎች ራሳቸው ወጥመዱን ቆጥረውና ዝናቡን ለክተው ለመንደራቸው የሚያስጠነቅቁበት ዘዴ፣ በኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። ሁለት ሳምንት ጥቂት ይመስላል፤ ትሉን በአንድ ሌሊት እንደ ፈለቀ አድርጎ ለሚያየው ሰው ግን በፊት ያልነበረው ዕድሜ ነው።

መጤው ተምችና የስም ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአሜሪካ አህጉር የመነጨ ሌላ የዚሁ ወገን ዝርያ፣ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ፣ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ታየ። በአፍሪካ የታወቀው ከአንድ ዓመት በፊት በምዕራብ አፍሪካ ነበር። በአገራችን መጤ ተምች ተባለ፤ ገበሬዎችም በብዙ ስፍራ ትሉን በእጃቸው ከበቆሎው እየለቀሙ ተዋጉት።

ስሙ ተገቢ ነው፤ ወገናቸው አንድ ነውና። ነገር ግን የጋራ ስም የጋራ ጠባይ የሚያስመስል መሆኑ አደጋ አለው። ነባሩ ተምች ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ያጠፋል፣ ያልፋል። መጤው ነዋሪ ነው፤ በቆሎ ባለበት፣ በተለይም በመስኖ አካባቢ፣ ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል። ነባሩ በሰልፍ በገሃድ ይጓዛል፤ መጤው በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። «ተምች ያልፋል» የሚለው የአባቶች ልምድ ለመጀመሪያው እውነት ነበር፤ ለሁለተኛው አይሠራም። የወደፊት የታሪክ ጸሐፊም ከ2009 ዓ.ም. በኋላ በተጻፉ ሪፖርቶች «ተምች» የሚለውን ቃል ሲያገኝ የትኛው እንደሆነ ካልጠየቀ፣ እኛ በክፉ ቀን ሰነድ ፊት የገጠመንን ችግር እርሱም ይወርሰዋል።

ለታሪክ ተማሪ የሚቀረው ሥራ

ንግግሬን ወደ ማጠቃለያው ላምጣ። ታሪክ የሚጻፈው ከተመዘገበው ነው፤ የሚመዘገበው ደግሞ ከታየው ነው። በሌሊት የሚሆነው፣ በአፈር ውስጥ የሚሆነው፣ ከሩቅ በነፋስ የሚመጣው ሁሉ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። የረኃብን ታሪክ በንጉሥ፣ በጦርነትና በዝናብ ብቻ የምንተርክ ከሆነ፣ ከፊሉን ምክንያት በጨለማ ትተነዋል።

ዛሬ ግን ሌሊቱ በከፊል ተመዝግቧል። በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወጥመድ የሚቆጥሩ ባለሙያዎችና ገበሬዎች የሚሞሏቸው ቅጾች፣ «ዛሬ ሌሊት ይህን ያህል ገባ» የሚሉ መስመሮች፣ ለግብርና ሰው የአንድ ወቅት መረጃ ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ እንደ አሮጌ ወረቀት ይቆጠራሉ። ለታሪክ ሰው ግን አባቶቻችን ያላዩዋት እናት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈችባቸው ምንጮች ናቸው። ዜና መዋዕልን በብራና እንደ ጠበቅን እነዚህንም በየመዝገብ ቤቱ መጠበቅ፣ መሰብሰብና ማንበብ ይገባናል። የግብርናውና የታሪኩ ትምህርት ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ፣ አንዱ ነፋሱን፣ ሌላው ሰነዱን ይዞ ቢመጣ፣ የክፉ ቀንን ታሪክ ገና በአዲስ ዓይን እናነበዋለን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ትል ማሳ ላይ ሲታይ «ከየት መጣ?» ብለን አንደናገጥም።